ለጥጤና ለዳማ ቅጠል ፍለጋ

ሳሊሕ ልጁ ከቤት መጥፋቱን ያወቀው ከሰው አፍ ሳይሆን ከእንስሶቹ ጩኸት ነው። ዒድ ባለፈ በሳምንቱ፣ ሱብሒ ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ፣ የግቢውን በር ገና ሳይዘጋ ያ ፉጨት የሚመስል ጩኸት ተቀበለው። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ሱሀይብ ቅጠል ይዞ ብቅ ሲል ኮቴውን ለይተው ይጮሃሉ፤ አፋቸው ሲሞላ ደግሞ ዝም ይላሉ። የዚያን ቀን ግን ጩኸቱ አልቆም አለ። ሳሊሕ ጋቢውን እንደተከናነበ ከኩሽናው ጎን ወደቆመው የሽቦ ቤት ሄደ። ሁለቱም የፊት እግራቸውን ሽቦው ላይ ሰቅለው፣ ጥርሳቸው እየታየ ይጮሃሉ። ድርቆሽ ሞልቶላቸዋል፤ ውሃም አላቸው። ቅጠሉ ብቻ ነው የሌለው።

«ዐሊማ!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። «ልጅሽ ዛሬ ምን ነካው? እነዚህን አላበላቸውም እኮ።»

ዐሊማ ከመስገጃዋ ተነስታ የሱሀይብን ክፍል ከፈተች። ብርድ ልብሱ በሥርዓት ተጣጥፏል። ጃኬቱ ከሚስማሩ ላይ የለም። አንድ ልጇ ከተወለደ ጀምሮ አልጋውን አንጥፎ ወጥቶ አያውቅም፤ የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ ስታይ ነገሩ ገባት። አልጮኸችም። በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና «ሄደ» አለች።

«ወዴት?»

«ልጆቹ ወዴት ነው የሚሄዱት፣ አንተ ሰውዬ!»

ሳሊሕም ያውቃል። ደሴ ላይ ይህን የማያውቅ አባት የለም። በኮምቦልቻ አድርጎ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አፋር ቆላ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ጀልባ፣ ከባሕሩ ማዶ የመን፣ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ። የሳሊሕ አያት ያንኑ ባሕር ወደዚህ ተሻግረው ነበር ደሴ የገቡት። ከየመኑ ሐድረመውት ጨርቅ ሊነግዱ መጡ፤ የወሎ ሴት አገቡ፤ እዚሁ አፈር ተቀበሩ። ሳሊሕ እስከ ዛሬ የሚከፍተው የእሳቸውን ሱቅ ነው። አሁን ደግሞ ልጁ ባሕሩን ወደዚያ ሊሻገር ተነሳ።

ልጁ ስልክ ላይ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ፤ ዝግ ነው። ዐሊማ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች ናት። እንስሶቹ ይጮሃሉ። ሳሊሕ እጁ የሚይዘው ቢያጣ ኩሽና ገብቶ የጎመን ቅጠል አነሳና ወረወረላቸው። ያኔ ዝም አሉ። ግቢው ዝም ሲል ግን ይባስ ከበደው።

እነዚህ እንስሶች እዚያ ቤት የገቡት ያለ እሱ ፈቃድ ነበር። ሱሀይብ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ሲሠራ ከአንድ የስሪላንካ ባለሙያ ጋር ተወዳጀ። ፋብሪካው ሥራ አቁሞ ሰውየው ወዳገሩ ሲመለስ፣ ብቸኝነቱን ያስረሱት የነበሩትን ሁለት ትንንሽ ፍጥረቶች ለሱሀይብ ሰጠው። ጥንቸል አያህሉም፤ ጆሯቸው አጭር፣ ጅራት የላቸው፣ ድንቡሽቡሽ ያሉ ናቸው። ሱሀይብ ነጯን ጥጤ አላት፤ ቀዩን እንደ ፈረስ ዳማ አለው።

«አይጥ ቤቴ አይገባም» ብሎ ነበር ሳሊሕ መጀመሪያ። በዚያ ላይ አንድ የሱቅ ጎረቤቱ «እነሱ ኮ ስማቸው ጊኒ ፒግ ነው፤ ፒግ ማለት አሳማ ነው» አለው። ሳሊሕ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ሱቁን ሳይዘጋ ቤቱ ድረስ ሮጠ። ሱሀይብ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። በመጨረሻ ዳማ በዘንቢል ሆኖ ሸህ ጀማሉዲን ዘንድ ተወሰደ። ሸሁ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ጥርሱን አዩ፤ እግሩን ገልብጠው አዩ። «ሳሊሕ» አሉ፣ «ይሄ ሣር በል ነው። ፈረንጅ ስም ማውጣት ጠፍቶት አሳማ ቢለው አሳማ አይሆንም። ለፍጥረት ማብላት ደግሞ አጅር አለው፤ አላህ ዘንድ ምንዳ ያስገኛል።» ሳሊሕ አፍሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እንስሶቹን ከመርገም ተቆጠበ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ በእጁ አብልቷቸው አያውቅም።

ሱሀይብ ሌላ ሥራ አላገኘም። ሱቅ እየመጣ ይቀመጣል፤ ግን ሱቁ ለአንድ ሰውም የሚበቃ ገበያ አልነበረውም። አባትና ልጅ አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውሉና አብረው ይገባሉ። የልጁ ፊት የሚፈታው ያን ጊዜ ነው፤ ሽቦው ቤት ፊት ቁጢጥ ብሎ ቅጠል ሲያቃምሳቸው። ሳሊሕ ይህን ያይ ነበር፤ ምን እንደሚለው ግን አያውቅም ነበር።

ሱሀይብ ከጠፋ ከቀናት በኋላ ደወለ፤ ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከኦቦክ ነው። ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል።

«አባ።»

ሳሊሕ ሊቆጣበት ሲያዘጋጅ የሰነበተው ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ። «አለህ?» አለ ብቻ።

«አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አትቆጣኝ አባ። እማን አብሽሪ በላት።»

«ተመለስ። አሁኑኑ ተመለስ፤ ወላሂ አንዲት ቃል አልናገርህም።»

«ዛሬ ትሳፈራላችሁ ብለውናል።» ከዚያ፣ የሚናገረው ሌላ ነገር የቸገረው ይመስል፣ «ጥጤንና ዳማን ምን እያበላችኋቸው ነው?» አለ።

«ዳቦ። ፉሩሽካ። ትናንት እናትህ ድንች ቀቀለችላቸው።»

«ኧረ አባ! ድንች አይሆናቸውም። ስማኝማ። ድርቆሹ ከፊታቸው አይጥፋ፤ ግን በድርቆሽ ብቻ አይኖሩም። ልክ እንደኛ ናቸው፤ ቫይታሚን ሲ የሚሉትን ሰውነታቸው አይሠራውም። በየቀኑ ከአትክልት ማግኘት አለባቸው። ካጡ እግራቸው ይያዛል። የፈረንጅ ቃሪያ ፈልግ፣ ያንን የማያቃጥለውን። ቀዩ ደግሞ ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ለየራሳቸው አንድ አንድ ቁራጭ። እሱን ካጣህ ያበሻ ጎመን። ሰላጣም ይበላሉ። ካሮት ጣፋጭ ስለሆነ አታብዛባቸው። ጥቅል ጎመን ሆዳቸውን ይነፋል። ሽንኩርት በጭራሽ እንዳታስነካቸው።»

«እሺ።»

«ጥጤ እርጉዝ ሳትሆን አትቀርም። ቅጠል ያነሰ ዕለት ለሷ ቅድሚያ ስጣት።»

«እሺ ልጄ።»

ሳሊሕ ባሕሩን ተጠንቀቅ ሊለው አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ጀልባ ላይ እንደ ጆንያ የሚጫን ሰው ባሕሩን ምን ብሎ ይጠነቀቃል? «እሺ» አለ እንደገና። መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሚያዝያ አለፈ፤ ዝም እንዳለ ነው። ዐሊማ ከአልጋዋ የምትወርደው ለሰላት ብቻ ሆነ። ሳሊሕ ልጁን ፈልጎ የሚሄድበት አገር የለውም፤ የሚጮህበት ደጅ የለውም። ያለው ነገር ቢኖር ልጁ በስልክ ያዘዘው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ቃሪያ መፈለግ ጀመረ።

ሰኞ ገበያን ዞረው። የሚያቃጥለው ቃሪያ ሞልቷል፤ የፈረንጁን የሚያመጣ ግን የለም። «ለሆቴል የሚሸጡት ኮምቦልቻ ናቸው» አሉት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ፤ አትክልት ተራ አሚና የምትባል ነጋዴ ዘንድ ቀይ ቃሪያ አገኘ።

«ሐጂ፣ ለየትኛው ሆቴል ነው?» አለችው።

«ሐጂ አይደለሁም። ለሆቴልም አይደለም።» ሳሊሕ ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልጄ እንስሶች ነው።»

አሚና ከት ብላ ሳቀች። «እኛ ሳንበላው እንስሳ! ልጅዎ ራሱ ለምን አይመጣም ታዲያ?»

«በባቲ በኩል ሄዷል።»

የአሚና ሳቅ ቆመ። እዚያ አካባቢ «በባቲ በኩል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከተደረደሩት መካከል ለስላሳና ጠንካራውን በእጇ እየዳበሰች መረጠችና ፌስታሉ ውስጥ ጨመረችለት። «ቶሎ እንዳይጨማደድብዎ እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት» አለችው። «እኔ ሁልጊዜ ሐሙስ ሐሙስ አላጣም። እያስቀመጥኩልዎ እቆያለሁ።»

ሳሊሕም በየሐሙሱ ይወርድ ጀመር። ጠዋት ቃሪያውን ይከትፍና ለየራሳቸው ያቃምሳቸዋል። ዳማ ቀማኛ ነው፤ የራሱን ሳይጨርስ የጥጤን ይጎትታል። ሳሊሕ «ተው፣ አንተ ሌባ! እርጉዝ ናት እኮ» ብሎ በጣቱ ይገፋዋል። ከገዛ ልጁ ጋር እንኳ ይህን ያህል ተነጋግሮ አያውቅም ነበር።

ግንቦት ሲያልቅ ጥጤ ሦስት ወለደች። ጠጉራቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ በተወለዱ በዕለቱ የሚሯሯጡ ነበሩ። ዐሊማ ጩኸታቸውን ሰምታ ከአልጋዋ ወርዳ መጣች። አንዱን በሁለት እጇ አፍሳ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች። «ሲደውል እንነግረዋለን» አለች። ሳሊሕ «ኢንሻአላህ» አለ።

ሰኔ ላይ መንገድ ተዘጋ። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም፤ እስኪከፈት ይጠበቃል፣ በቃ። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ጠፋ። የበልግ ዝናቡም ጠፍቶ ስለነበር የገራዶ ገበሬዎች ጎመን ማሳው ላይ ደርቋል። የጦሳ ተራራ ጥግ ሣር አመድ መስሏል። ጉልት ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ሽንኩርትና ድንች ብቻ ይዘው ይውላሉ። ሳሊሕ በየሰፈሩ እየዞረ፣ ጓሮ ያላቸውን ሰዎች በር እያንኳኳ ለመነ። ከአንዱ ሦስት ቅጠል ጎመን፣ ከአንዱ ጭብጥ የማትሞላ ሰላጣ ያገኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴት «የሰው ልጅ በራበው ጊዜ ለአይጥ ቅጠል ልመና!» ብላ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት። ሳሊሕ አልተቀየማትም። ከአፏ የወጣው ከጥቂት ወራት በፊት እሱ ራሱ ሊለው ይችል የነበረ ነገር ነው።

የተገኘችው ቅጠል ለሁሉም አትበቃም። ጥጤ ታጠባለች፤ ግልገሎቿም መቆርጠም ጀምረዋል። ሱሀይብ «ለሷ ቅድሚያ» ብሏል። ስለዚህ ሳሊሕ በየጠዋቱ ዳማን ለብቻው ካርቶን ውስጥ ያስገባውና ቅጠሏን ለጥጤ ይሰጣል። ዳማ ሽታውን እያወቀ ከካርቶኑ ውስጥ ይጮሃል። ድርቆሽ ይሰጠዋል፤ ፉሩሽካ ይሰጠዋል። ሎሚም ጨምቆ ሰጥቶት ነበር፤ ዳማ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሰንብቶ ደግሞ ጩኸቱን ተወው። ጠጉሩ ቆመ። ሲራመድ የኋላ እግሩን ይጎትት ጀመር። ሳሊሕ ሊያነሳው ሲነካው፣ የሚያውቁትን ያንን የረሃብ ፉጨት ሳይሆን ሌላ፣ ቀጭን ጩኸት ጮኸ።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ሳሊሕ ዳማን በካርቶን አድርጎ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደ። ኮምቦልቻ የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጸጋው የሚባል ሰው ነበር። ጸጋው ካርቶኑን ሲከፍት ቅንድቡ ተነሳ፤ ግን አልሳቀም። ዳማን በጨርቅ አቅፎ በዝግታ መረመረው።

«አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ ውዬ የማድረው ከከብትና ከበግ ጋር ነው» አለ። «ይህን ዓይነት አክሜ አላውቅም። ግን ሕመሙ ተደብቆ የሚቀር አይደለም። ድዱን ይዩት፣ ይደማል። ጥርሱም ተነቃንቋል። መገጣጠሚያው አብጧል፤ ሲነኩት የሚጮኸው ለዚህ ነው። አትክልት አጥቶ ነው።»

«አሁን ቃሪያ ባበላውስ?»

«ያብሉት እንጂ። ይህን ክኒን ደግሞ በውሃ በጥብጠው በስሪንጅ አፉ ውስጥ ጠብ ያድርጉለት።» ጸጋው ዳማን ካርቶኑ ውስጥ መልሶ አስተኛው። «ብቻ ማኘክ ከተወ ቆይቷል። ጥርሱ እያመመው እንዴት ይበላል? የሚችሉትን ያድርጉ እንግዲህ።»

አሚና ሳሊሕን ከሩቅ ስታየው ተነሳች። መንገዱ እንደተከፈተ የገባላትን ቀይ ቃሪያ ዘርግፋ ሞላችለት። ሳሊሕ ካርቶኑን ጭኑ ላይ፣ ፌስታሉን ካርቶኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ሽቅብ ጉዞ ጀመረ። ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው።

«የሱሀይብ አባት ነዎት?» አለ የማያውቀው ድምፅ፣ በሹክሹክታ። «ሀፊዝ እባላለሁ፤ የቢስቲማ ልጅ ነኝ። ከሱሀይብ ጋር ነን። ስልኩን ደብቀን ነው፣ ቶሎ ብለው ያናግሩት።»

ከዚያ «አባ» አለ ሌላ ድምፅ። ሳሊሕ መጀመሪያ አላወቀውም። አፉ ውስጥ ምግብ ይዞ የሚናገር ይመስላል።

«ሱሀይብ! ልጄ! የት ነህ?»

«የሳዑዲን ድንበር እንዳለፍን ያዙን። እስር ቤት ነን። አትጨነቅ፣ ብዙ ነን።»

«ይመቱሃል? ምን ይሰጧችኋል?»

«ዳቦና ሩዝ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አንራብም።»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ድዴ ነው። አብጦ ይደማል። ጥርሴም ይነቃነቃል። እዚህ ብዙዎቻችን እንዲህ ሆነናል። እግሬ ደግሞ...» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልነሳ ስል አልታዘዝ ይለኛል። ይሻለኛል፣ ኢንሻአላህ።»

ሳሊሕ የሰማውን ነገር ገና ጠዋት ከሐኪሙ አፍ ሰምቶታል። ከዚያ ሳያስበው ጮኸ።

«አትክልት ብላ! ሱሀይብ፣ ትሰማኛለህ? ቃሪያ ብላ። ጎመን ብላ። ሎሚም ቢሆን። ዘበኞቹን ጠይቃቸው፣ ለምናቸው፤ ቃሪያ ስጡኝ በላቸው!»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። በስልኩ ውስጥ ሱሀይብ ሳቀ። ሳቁ የልጅነቱ ሳቅ ነበር፤ መጨረሻው ግን ሳል ሆነ።

«አባ፣ ከየት አምጥቼ?»

ሳሊሕ ፌስታሉን አየ። ቀያዮቹ ቃሪያዎች እርጥበታቸው ሳይደርቅ፣ በላስቲኩ ውስጥ ያበራሉ። አንዱን እንኳ፣ ግማሹን እንኳ ወደዚያ ስልክ ውስጥ የሚከትበት መንገድ የለም። «አላውቅም ልጄ» አለ። «አላውቅም።»

«ጥጤ ወለደች?»

«ወልዳለች። ሦስት።»

«ማሻአላህ! ዳማስ?»

ዳማ ካርቶኑ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ሆዱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። «ይበላል» አለ ሳሊሕ። «ደህና ነው። ይበላል።»

«አላህ ይስጥልኝ፣ አ...» የሰው ግርግር ተሰማ፤ ብረት በር ተመታ፤ መስመሩ ጠፋ። ሳሊሕ ያንኑ ቁጥር ደሴ እስኪገቡ ድረስ ደጋግሞ ደወለ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉት፤ ያኔ ነው ፊቱ መራሱን ያወቀው።

ለዐሊማ ሊነግራት ያሰበው «ደውሏል፣ ደህና ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። ግን ፊቱ ከዳው። አንድ በአንድ አውጣጣችው። ከዚያ ቃሪያውን በሙቀጫ አላመች፣ ክኒኑን በጠበጠች፣ ዳማን ቀሚሷ ላይ አስተኛች። ሳሊሕ በስሪንጁ አፉ ጥግ ላይ ጠብ ያደርግለታል። ቀዩ ጭማቂ ትንሽ ይገባና መልሶ በከንፈሩ ጥግ ይፈሳል። ዐሊማ ትጠርጋለች። እንደገና ይሞክራሉ። እንዲህ እያሉ ዋሉ፤ በማግስቱም ቀጠሉ።

«ሱሀይብም ልክ እንዲህ ነው?» አለች ዐሊማ በመሃል፣ ዓይኗን ከዳማ ሳትነቅል።

«እሱ ሰው ነው። ሰው ይጠነክራል።»

«እንደኛ ናቸው አላለህም?»

ሳሊሕ ስሪንጁን እንደገና ሞላው። ከዙህር በኋላ የዳማ ሆድ ከፍ ማለቱን ተወ። ሳሊሕ ስሪንጁን አስቀመጠና ልማድ ሆኖበት፣ ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ...» ብሎ ጀመረ። ዐሊማ በቃሪያ በቀላ እጇ አፉን ያዘችው።

«አትበል!» አለች። «በዚህ ቤት ውስጥ ይቺን ቃል አትጀምራት!»

ሳሊሕ ቃሉን ዋጠው። ዳማን በአሮጌ ሻሽ ጠቅልሎ ከጓሮው አጥር ሥር ቀበረው።

ከዚያ ወዲያ ሳሊሕ ያልረገጠው ቢሮ የለም። ከቀበሌ ይጀምራል፤ ወደ ሌላ ይልኩታል፤ ሌላው «ስሙ ተመዝግቧል፣ ተመላሾች በአውሮፕላን እየመጡ ነው፣ ይጠብቁ» ይለዋል። «አትክልት እንዲሰጧቸው የሚነግርልኝ ሰው የለም?» ብሎ የጠየቃት ወጣት ጸሐፊ መጀመሪያ በትክክል ያልሰማች መስሏት አስደገመችው፤ ሲደግመው መዝገቧ ላይ አቀረቀረች። ልጅቷ ምን ታድርግ?

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ጣለ። ጦሳ አረንጓዴ ለበሰ። ገራዶ ጎመኑን በአህያ አራግፎ አመጣ፤ ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ቃሪያው ገበያውን ሞላው። የሚገዛ ጠፍቶ መሬት ላይ ይረገጣል። ጥጤና ልጆቿ ጠግበው ቅጠሉ ላይ ይተኛሉ። ሳሊሕ አንዳንድ ቀን ገበያው መካከል ይቆምና፣ ክምሩን እያየ፣ ለምን እንደመጣ ይረሳል።

ሀፊዝ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ ሳሊሕ ከፈተ፤ እርጅና የተጫነው የሚመስል፣ ዱላ የተደገፈ ሰው ቆሟል። ጠጋ ብሎ ሲያየው ከሱሀይብ የማይበልጥ ልጅ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ሀፊዝ ነኝ» አለ። «ከአዲስ አበባ መምጣቴ ነው። እናቴ ጋ፣ ቢስቲማ ሳልደርስ ልንገራችሁ ብዬ ወረድኩ።»

ሳሊሕ በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገና እጁን ያዘው። «ለኔ እዚሁ ንገረኝ» አለ።

ሀፊዝ ወደ መሬት እያየ ነገረው። ከስልኩ በኋላ ሱሀይብ ከቶ ሊቆም አልቻለም። የታሰሩት ልጆች ተሸክመው ነበር ወደ መጸዳጃ የሚወስዱት። አንድ ቀን ዘበኞቹ ገብተው በብርድ ልብስ አድርገው አወጡት። ወደ ሐኪም ይሁን ወደ ሌላ እስር ቤት፣ የነገራቸው የለም። «ጠየቅን፤ ወላሂ ጠየቅን» አለ። «ዝም በሉ አሉን። ከዚያ እኛን ለአውሮፕላን ጠሩን። የሱን ስም ሲጠሩ አልሰማሁም።»

«ሲያወጡት ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር። ዓይኑን ገልጦ ነበር።»

ሳሊሕ ራሱን ነቀነቀ። «ግባ» አለው። «ምሳ ሳትበላ አትሄድም።»

ዐሊማ እንግዳውን ስታይ ማንነቱን ሳይነግሯት አወቀች። እንጀራ አቀረበች፤ ወጥ አወጣች፤ ከጎኑ ለጥጤ የተቀመጠውን ቀይ ቃሪያ፣ ሰላጣና ቲማቲም በስሱ ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃ በሰፊ ሳህን አኖረችለት። ሀፊዝ ወጡን ነካ ነካ አደረገና እጁ ወደ ሳህኑ ሄደ። የጎደሉ ጥርሶች አሉት፤ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ እየተጠነቀቀ ያኝካል። ባልና ሚስት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እጁ ከሳህኑ ወደ አፉ ሲመላለስ ያያሉ።

«ሲወስዱት» አለች ዐሊማ፣ ድምፅዋን አጥብቃ ይዛ፣ «በእግሩ ሄደ?»

ሀፊዝ የጎረሰውን ሳይውጥ ወደ ሳሊሕ አየ። ሳሊሕ ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ሄደ፣ እናቴ» አለ ሀፊዝ። «ቀጥ ብሎ ሄደ።»

ዐሊማ ዓይኗን ጨፈነች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ከዚያ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሳሊሕ «ጨምሪለት» አለ፤ ዐሊማም ተነስታ ጨመረችለት።